«ፋይሉ የለም በያቸው» ተባልኩ፣ ፋይሉ ግን እጄ ላይ ነበር

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደቡብ ወሎ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ወረዳዋንም አውጥቼዋለሁ።

«እትዬ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ የ27 ዓመት ልጅ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ አባት ከገጠር መጡ፣ መሬታቸው ለመንገድ ተወስዶ ካሳ ተከፍሏቸዋል፣ ስሌቱ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን ወረቀት ኮፒ ስጡኝ አሉ። ፋይሉ እጄ ላይ ነበር። አለቃዬን ስጠይቀው ‹ወረቀት ከቢሮ አይወጣም፣ የለም በያቸው› አለኝ፣ እኔም የለም አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ከዛ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ጓደኛዬ የመረጃ ነጻነት ሕግ የሚባል አለ አለችኝ፣ ሥራ ቦታ ሳነሳው ግን ‹እሱ የኮሙኒኬሽን ሥራ ነው አንቺ ምን አገባሽ፣ ጠበቃ ልትሆኚ ነው እንዴ› ብለው ሳቁብኝ። እውነት ሕጉን ብማር ይጠቅመኛል ወይስ እንጀራዬን ነው የሚያሳጣኝ? የመዝገብ ቤቷ ልጅ።»

የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ እህትአለም፣ መጀመሪያ አብሽሪ። እንቅልፍ ማጣትሽ ራሱ ልብሽ ደህና መሆኑን ነው የሚያሳየው። ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ፣ ምክንያቱም የጻፍሽው ነገር በኔም ላይ ደርሷል፣ እሱን ሳልነግርሽ ወደ ምክር መግባት አልሆነልኝም።

እኔም ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ያኔ ኮምፒውተር ምናምን የለም፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ነው፣ ክረምት ላይ የጦሳ ብርድ ሲወርድ ጋቢ ደርበን ነበር ፋይል የምናወጣው። አንድ ሽማግሌ ከኩታበር ይመጡ ነበር፣ ለጡረታቸው የድሮ የቅጥር ደብዳቤያቸው ያስፈልጋቸዋል። ኃላፊዬ «ሰውዬው ክርክር ሊያነሳብን ነው፣ አልተገኘም በያቸው» አለኝ። አልኳቸው። በሳምንቱ መጡ፣ በወሩ ደሞ መጡ፣ አንዴማ በጠዋት ገና በሩ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ኩርምት ብለው አገኘኋቸው፣ ያን ቀን እንኳን ወንበር አልሰጠኋቸውም፣ ቆመው ነው ያናገሩኝ፣ «ልጄ እስቲ ደግመሽ እይልኝ» አሉኝ እኔም ያየሁ መስዬ ወደ ውስጥ ገብቼ ትንሽ ቆይቼ ወጣሁና የለም አልኩ። ከዛ ቀሩ። ፋይሉ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ይሄው ስንት ዓመት አለፈ፣ ፒያሳ ላይ ነጭ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እሳቸው ይመስሉኛል።

ያኔ ሕጉ አልወጣም ነበር። አንቺ ግን አለሽ፣ ልዩነታችን እሱ ነው፣ ለዚህ ነው ይሄን ያህል የምጽፍልሽ።

እና ጓደኛሽ ልክ ናት። የመገናኛ ብዙሃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ይባላል፣ ቁጥሩ 590/2000 ነው። ምናልባት ቢሮ ውስጥ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ «እሱ'ኮ ተሽሯል» ይልሽ ይሆናል፣ እኔም ሲባል ሰምቻለሁ፣ የተሻረው የሚዲያው ክፍል ነው፣ የመገናኛ ብዙሃን አዋጅ 1238/2013 ሲወጣ ስለ ሚዲያ የሚያወራውን ተካው፣ መረጃ ስለማግኘት የሚያወራውን ክፍል ግን አልነካውም። ሥሩ ደሞ ከአዋጅም በላይ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ መረጃ የመፈለግና የማግኘት ነገር አለ፣ አንቀጽ 12 ደሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ያ አባት ሲመጡ ልመና አልነበረም የያዙት፣ መብት ነበር። እሳቸውም አላወቁም አንቺም አላወቅሽም፣ አለቃሽም ሳያውቅ ይሆናል፣ እና ሦስት ሰው ባለማወቅ ተጠላልፎ አንድ ወረቀት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ቀረ ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል መሰለሽ፣ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ የመንግሥት አካል ሲል ደሞ ፌዴራሉን ብቻ አይደለም ክልሉንም እስከ ታች ነው። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው የሚቀርበው (ኮሙኒኬሽን የምትሏቸው)፣ ሰውየው ማንበብ መጻፍ ካልቻለ በአፉ ይጠይቅና ኃላፊው በጽሑፍ ያሰፍርለታል። ይቺን በደንብ ያዣት፣ በኛ አገር ስንት አባትና እናት «ማመልከቻ አጽፈህ ና» እየተባለ ደጅ ላይ ላለ ጸሐፊ ሲከፍል ይኖራል። መልሱ በቶሎ መሰጠት አለበት፣ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ። እምቢ ከተባለም ዝም ብሎ እምቢ የለም፣ ምክንያቱ ተጽፎ ነው የሚሰጠው። ሰውየው ካልተስማማ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመለክታል፣ ከዛ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል፣ ከዛም ፍርድ ቤት አለ።

እና የሳቁብሽ ልጆች ግማሽ እውነት አላቸው፣ ጥያቄ ተቀባዩ ኮሙኒኬሽን ነው። ግን ኮሙኒኬሽኑ ወረቀቱን ከየት ያመጣዋል? ካንቺ መደርደሪያ ነው'ኮ። አንቺ «የለም» ካልሽው እሱም በቅን ልቡ «የለም» ብሎ ይጽፋል። ለኔ ይሄን ሕግ ማወቅ ያለበት የመጀመሪያው ሰው መዝገብ ቤት ያለው ነው ባይ ነኝ፣ ቀጥሎ ደሞ ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግበው፣ ከዛ ዘበኛው። አዎ ዘበኛው፣ ምክንያቱም ስንቱ ጥያቄ በር ላይ ነው የሚሞተው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ፣ የደብዳቤሽ ዋና ነገር እሱ ስለሆነ። «እንጀራዬን ያሳጣኛል ወይ» ብለሻል። ቆም ብለሽ አስቢው፣ አለቃሽ «የለም በያቸው» ያለሽ በአፉ ነው አይደል? ማህተም የለው ፊርማ የለው። ነገ እኚህ አባት ልጃቸው ትንሽ ተምሮ ጉዳዩን እንባ ጠባቂ ጋር ቢያደርሰው፣ ወይም ፍርድ ቤት ፋይሉ ይቅረብ ቢል፣ ፋይሉ ደሞ ሲፈለግ ካንቺ መደርደሪያ ቢገኝ፣ ማን ነው «የለም» ያለው ተብሎ ሲጠየቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን ነው? አለቃሽ «እኔ እንደዛ አላልኩም» ቢል ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ። እኛ መዝገብ ቤት ያለን ሰዎች የመከልከል ነገር ጥላ ይመስለናል፣ ከሰጠሁ እጠየቃለሁ ከከለከልኩ ማንም አይናገረኝም ብለን ነው ያደግነው፣ የመንግሥት ሚስጥር ማውጣት ወንጀል መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል የትኛው ወረቀት ሚስጥር እንደሆነ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ያስተማረን የለም፣ ስለዚህ የፈራነውን ሁሉ ሚስጥር አደረግነው። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሚስጥር፣ የጨረታ ማስታወቂያ ሚስጥር፣ የወረዳው በጀት ሚስጥር፣ ወላሂ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር የሚደበቅበት ቢሮ አውቃለሁ።

አዋጁን ስታነቢው ግን የሚከለከለውም ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ እሱ ነው የሚያሳርፍሽ። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የነጋዴ የንግድ ሚስጥር፣ የሰው ደህንነት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር፣ ገና በምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ጉዳይ፣ የመከላከያና የአገር ደህንነት ነገር፣ የካቢኔ ሰነድ፣ እነዚህ ለብቻቸው አንቀጽ አላቸው። በ2016 ደሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው ስልክ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታ፣ እንደዚህ ያለውን ዝም ብለሽ እንዳታወጪ ነው። እንግዲህ መስመሩ ይሄ ነው፣ ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ትሰጫለሽ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን አንቀጹን ጠቅሰሽ ትከለክያለሽ፣ በሁለቱም ቀን ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ።

የአባባን ጉዳይ በዚህ እንየው። የጠየቁት የራሳቸውን መሬት የካሳ ስሌት ነው። የራሳቸው መረጃ ነው፣ ከማን ነው የሚደበቀው? እንደውም የካሳ አዋጁ 1161/2011 ባለይዞታው የሚከፈለው ካሳ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ያዛል፣ ማለት ሳይጠይቁ ሊያገኙ ከሚገባቸው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ችግር ሊኖር የሚችለው ምን መሰለሽ፣ አንዳንዴ ስሌቱ በአንድ ገጽ ላይ የአስራ አምስት ገበሬ ስም በረድፍ ይዞ ነው የሚሠራው፣ የሳቸው ረድፍ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው ያለው። እሱም መፍትሔ አለው፣ የሌሎቹን ረድፍ በወረቀት ሸፍነሽ ኮፒ ማድረግ ነው። ሙሉውን ገጽ «አይሆንም» ማለት ግን አይደለም። «ወረቀት ከቢሮ አይወጣም» የሚለው የአለቃሽ ቃል ለኦርጅናሉ ከሆነ ልክ ነው፣ ኦርጅናል አይወጣም፣ እሳቸው የጠየቁት ግን ኮፒ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ የወሎ ሰዎች ስለ ተደበቀ ወረቀት ከማንም በላይ ማወቅ አለብን ብዬ ስለማምን ነው። የ65ቱንና የ66ቱን ረሃብ አያቶችሽ ነግረውሽ ይሆናል። ዝናብ ቀረ፣ እሱ የአላህ ሥራ ነው። ግን ሰብሉ መጥፋቱን ያወቀ ነበር፣ ሪፖርት ነበር፣ ከታች ወደ ላይ የተላከ ደብዳቤ ነበር፣ ሰው ከየገጠሩ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪና እያስቆመ ሲለምን ያየ ባለሥልጣን ነበር። የአገር ስም ይጠፋል፣ ጃንሆይ ያዝናሉ ተብሎ ተሸፈነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያዩትን ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ ለሰው አሳዩ፣ በኋላ በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው ዓለም ጉድ ያለው፣ እስከዛ ድረስ እልፍ አእላፍ ሰው አልቋል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ እህል ሲፈስ ካየች አንድ በአንድ ትለቅም ነበር። እና አንዳንዴ አስባለሁ፣ ከነዛ ሪፖርቶች አንዱን ፋይል ውስጥ ያስገባ እንዳንቺ ያለ አንድ ጸሐፊ አልነበረም? ነበረ። ሥራውን ነው የሠራው፣ «አይወጣም» ተብሏል፣ አላወጣም።

በርግጥ የካሳ ወረቀትና ረሃብ አንድ አይደሉም። ግን ልማዱ አንድ ነው፣ ከትንሹ ነው የሚለመደው።

ቅርብ ወደሆነው ስመጣ ሴፍቲኔትን እይ። የተጠቃሚው ዝርዝር ሰው በሚያየው ቦታ ተለጥፎ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ነው አሠራሩ። በተለጠፈበት ቀበሌ ጭቅጭቁ ይበዛል ግን ያልቃል፣ በተደበቀበት ቀበሌ ጭቅጭቁ ወደ ሐሜት፣ ሐሜቱ ወደ ቂም ይሄዳል። ሕንድ አገር ራጃስታን ላይም የቀን ሥራ የሠሩ ገበሬዎች ደመወዛቸው ሲጎድል «የሠራተኛ መዝገቡን አሳዩን» ብለው በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ተነሱ፣ መዝገቡ አደባባይ ላይ ሲነበብ የሞተ ሰው ሁሉ ደመወዝ ሲወስድ ተገኘ፣ ከዛ ትግል ነው በ2005 የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ የተወለደው። አየሽ፣ ነገሩ የጋዜጠኛና የተማረ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ዶማ ከያዘ ሰው ነው የተነሳው።

ሌላው ደሞ፣ በ2014 ጦርነት ጊዜ ወሎ ላይ ስንት ቢሮ ተዘርፎ ስንት ፋይል እንደተቃጠለ አንቺም ታውቂያለሽ። እውነትም የሌለ ፋይል አለ። ለዚህ ነው «የለም» የምትለዋ ቃል ክብር ሊኖራት የሚገባው፣ ፈልገሽ ከጠፋ «በዚህ ቀን ፈልገናል አልተገኘም፣ በዚህ ምክንያት ጠፍቷል» ብለሽ በጽሑፍ ስጪ፣ ሰውየው በዛ ወረቀት ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዶ ምትክ ይፈልጋል። ያለውን የለም ካልሽ ግን በእውነት የጠፋውን ስትናገሪ ማን ያምንሻል።

እሺ፣ እንዴት ትማሪዋለሽ። ሥልጠና እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ሥልጠና ሲመጣ የሚሄደው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው፣ መረጃ ስለማግኘት የሚያወራው ክፍል ደሞ በጣም ረጅም አይደለም፣ ፕሪንት አድርጊው፣ የገባሽን አስምሪበት፣ ያልገባሽን ወረዳችሁ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያለ ባለሙያ ጋር ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ የጊዜ ገደቡን፣ ቀጥሎ የሚከለከሉትን፣ ቀጥሎ የይግባኙን፣ ሌላው ቀስ እያለ ይገባሻል።

ለጓደኞችሽ ደሞ በጭራሽ ስብከት አታድርጊው፣ አስቀድመው ስቀውብሻል ይባስ ይሸሻሉ። ቡና ትጠጣላችሁ አይደል? ወሎ ላይ ቢሮ ውስጥ ቡና የማይፈላ የለም። አቦሉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጣይ፣ «አንድ ሰው መጥቶ ያለፈውን ዓመት የውሃ ጉድጓድ ጨረታ ማን እንዳሸነፈ ንገሩኝ ቢል ምን ትሉታላችሁ?» በይ። አንዱ እንሰጣለን ይላል አንዱ አይሰጥም ይላል፣ ሲሟገቱ ቆይተው ቶናው ላይ አንቀጹን አውጥተሽ አንብቢላቸው። በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ። በረካ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው «ያቺን ወረቀት አምጫት» ይሉሻል። እኔ ጡረታ ልወጣ ስል ሦስት ልጆች በዚህ መንገድ አስተምሬያለሁ፣ ከሦስቱ አንዷ ዛሬ ሰው ስትከለክል እንኳን አንቀጽ ጠቅሳ ጽፋ ነው የምትከለክለው፣ ደስ ትለኛለች።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ሰው ፊት አትግጠሚው። ለብቻው ስታገኚው በአክብሮት «ጋሼ እኚህ አባት ተመልሰው ከመጡ የምንከለክልበትን አንቀጽ ይንገሩኝና ጽፌ ልስጣቸው፣ አለበለዚያ ነገ ሁለታችንም እንጠየቅበታለን» በይው። «ሁለታችንም» የምትለዋን እንዳትረሺ፣ እሱም የፈራ ሰው ነው፣ ከሱ በላይ ደሞ ሌላ አለቃ አለበት። ብዙ ጊዜ «አንቀጹን ንገሩኝ» ሲባል «እሺ ስጪያቸው» ይመጣል። ካልመጣ ጥያቄያቸውን በኮሙኒኬሽን በኩል በገቢ ደብዳቤ አስመዝግቢ፣ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ያ ወረቀት ዝም ብሎ አይጠፋም። ራስሽም አንድ ደብተር ይኑርሽ፣ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ መቼ፣ ማን ምን አለ። ይሄ ደብተር ክፉ ቀን ሲመጣ ጋሻሽ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ልብሽ ተቃጥሎ ፋይሉን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም እንዳትልኪላቸው። እንደምትፈተኚ አውቃለሁ። እንደዛ ካደረግሽ ግን ትክክለኛው ነገር ራሱ ወንጀል መስሎ ይታያል፣ አለቃሽም «አላልኳችሁም!» ይላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በሩ ይበልጥ ይዘጋበታል። በፊት ለፊት በር፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማህተም ተመቶበት ነው መውጣት ያለበት።

እና አሁን ያሉትን አባት ፈልጊያቸው። ስማቸው ፋይሉ ላይ አለ ቀበሌያቸውም አለ፣ በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው ላኪባቸው፣ «ወረቀትዎ ተገኝቷል፣ ጥያቄዎን እንድናስመዘግብልዎ ይምጡ» አስብያቸው። ሲመጡ መጀመሪያ ወንበር ስጫቸው። «የለም ያልኩዎት ተሳስቼ ነው» በያቸው፣ ከዛ ኮሙኒኬሽኑ ጋር አብረሻቸው ሂጂ፣ የሚሉትን ሲጽፍላቸው አጠገባቸው ቁሚ፣ ኮፒው እጃቸው መግባቱን አይተሽ ቀኑን ደብተርሽ ላይ ጻፊው።

የደረሰሽበትን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

እትዬሽ